በእጅ ያለና በስልክ ያለ ገንዘብ፤ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

የባሕር ዳርን የቅዳሜ ገበያ በማለዳ የተመለከተ ሰው በአንድ ስፍራ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ሲዘዋወር ያያል። ከሐሙሲት ወይም ከመራዊ አቅጣጫ እህሉን ጭኖ የመጣው ገበሬ የሸጠበትን ብር አንድ በአንድ ቈጥሮ፣ የተጠራጠረውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ በመቀነቱ ይቋጥራል። ከርሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ባለሱቅ ደግሞ አንዲት አራት ማዕዘን ምልክት ከመደርደሪያው ፊት ለጥፎ፣ ገዢው ስልኩን ወደ ምልክቷ ባዞረ ጊዜ ሒሳቡን ይቀበላል። ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ነገር ግን የለም። ገበሬው ያመነው የዳሰሰውን ነው፤ ባለሱቁ ያመነው የተጻፈለትን ነው። ሁለቱም አስተዋዮች ናቸው፤ ሁለቱም ለድካማቸው ዋጋ የሚጠነቀቁ ናቸው።

እንግዲህ በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ነጋዴ የትኛውን ይከተል? ጥሬ ገንዘብን ጨርሶ ይተው ወይስ የስልኩን ገንዘብ ይራቅ? ይህ ጥያቄ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ በየመንደሩ ለተቀመጠው ባለሱቅም የየዕለት ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ነው።

፩. ጥሬ ገንዘብ ለነጋዴ የሚሰጠው አገልግሎት

ጥሬ ገንዘብ ሦስት ታላላቅ ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው ክፍያው በዚያው ቅጽበት የሚፈጸም መሆኑ ነው። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ዕቃውን ከሰጠ በኋላ የሚጠብቀው ማረጋገጫ የለም። ሁለተኛው ሦስተኛ ሰው የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ባንክ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ ሻጭና ገዢ ከተገናኙ ንግዱ ይካሄዳል። ሦስተኛው ማንም ሰው፣ ማንበብ የማይችለውም ሆነ ስልክ የሌለው፣ ሊይዘውና ሊያወጣው የሚችል መሆኑ ነው። ስለዚህ እናት ልጇን ጨው እንዲገዛ ወደ ሱቅ የምትልከው የወረቀት ብር በእጁ አስጨብጣ ነው።

ይሁን እንጂ ጥሬ ገንዘብ ያለ ወጪ የሚገኝ መስሎ መታየቱ ስሕተት ነው። ነጋዴው ለመቍጠር ጊዜ ያጠፋል፤ ሐሰተኛ ኖት ከገባበት ኪሳራው የርሱ ነው፤ ዝርዝር ባጣ ጊዜ ገዢውን በከረሜላ ወይም በክብሪት ይሸኛል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌባ ይፈራል። ከሁሉ ይልቅ ወጪው የሚከብደው ከሩቅ አገር እህል ለሚሰበስበው ሰው ነው። ከመተማ ሰሊጥ፣ ከወረታና ከፎገራ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ በጆንያ ብር ጭኖ በመንገድ መጓዙ በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በሕይወቱም መወራረድ ነው። ይህ አደጋ በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ብዙዎች እንደ ወጪ አይቈጥሩትም እንጂ፣ ከማናቸውም የአገልግሎት ዋጋ ይበልጣል።

፪. ከአሞሌ እስከ ወረቀት ብር

የጣና ዳር ሰው ለአዲስ ገንዘብ ያሳየው ጥርጣሬ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ታሪኩን መለስ ብሎ ያየ ሰው ጥርጣሬው ከድንቁርና የመጣ ሳይሆን ከጥንቃቄ የተወለደ መሆኑን ይረዳል።

ከዳናኪል በረሃ ከአርሆ እየተቈረጠ የሚወጣው የጨው አሞሌ በቅሎና አህያ እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ማየቱን፣ ከመገኛውም በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት በጣና ምሥራቅ ዳርቻ የነበሩት የይፋግ፣ የቆራጣና የደሪጣ ነጋዴዎች፣ በደቡብ ጎጃምም የባሶ ገበያ ሸማቾች በአሞሌ ይገበያዩ ነበር። አሞሌ በዝናም ይሟሟል፤ በጕዞ ይሰበራል። ሆኖም የሚቀበለው የጠፋ ዕለት እንኳ በወጥ ውስጥ ይገባልና ባለቤቱ ባዶ እጁን አይቀርም። ሕዝቡ የወደደው ይህንን መተማመኛ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። በላዩ ያለው ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 1780 ሆኖ፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነበር። ነጋዴው ይህንን ብር ዝም ብሎ አልተቀበለም። በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቈጥሮ፣ በትከሻዋ ያለውን ጌጥ አይቶ፣ ከምስሏ ሥር ያሉትን ፊደላት መርምሮ፣ የተፋቀውን ወይም የጠፋበትን ይመልስ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አስቀርጸው ባወጡ ጊዜ እንኳ፣ ንጉሣቸውን የሚያከብረው ነጋዴ በገበያ ላይ የለመደውን ጠገራ መምረጡን አልተወም። የኢጣልያ ወራሪ መንግሥትም የወረቀት ሊሬውን ለማስለመድ ቢደክም አልሆነለትም፤ እንዲያውም የጠገራውን ማኅተም ከቪየና አስመጥቶ በሮማ ለማስቀረጽ ተገደደ።

የወረቀት ገንዘብም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው የተለመደው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወረቀት ኖት ቢያወጣም፣ ከከተሞች ወጣ ሲባል የሚቀበለው ጥቂት ነበር። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. መንግሥት አዲሱን የኢትዮጵያ ገንዘብ በኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በኩል ሲያወጣ ግን አንድ ብልኃት ጨመረበት። ከወረቀቱ ጋር ከእውነተኛ ብር የተሠራ የ50 ሳንቲም መሐለቅ አብሮ አወጣ። ሕዝቡ ወረቀቱን ይዞ ቢሄድ ማዕድን የሚያገኝበት መሆኑን በዓይኑ አየ። በዚያ ላይ ግብርና ቀረጥ በዚሁ ገንዘብ ስለ ተከፈለ፣ ወረቀቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥር ሰደደ። የገንዘቡ ስም ራሱ «ብር» ተብሎ መቅረቱ ሕዝቡ በወረቀቱ ጀርባ ማዕድኑን ሲያስብ መኖሩን ያመለክታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ገንዘብ በትእዛዝ ብቻ አይለመድም። የሚለመደው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ወደ ለመደው ገንዘብ ሊመልሰው ሲችል፣ መንግሥት ራሱ ለግብሩ ሲቀበለው፣ ጎረቤት ነጋዴም ለሚቀጥለው ግዢ ሲወስድለት ነው።

፫. የማይዳሰሰው ገንዘብ አመጣጥ

በአገራችን የዚህ ዘመን ለውጥ የተጀመረው በሕግ ነው። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዐት አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2005 ዓ.ም. በስልክና በወኪል አማካይነት ለሚሰጠው የባንክ አገልግሎት መመሪያ አበጀ። ባንኮች የከፈሉት መኪና ሁሉ በጋራ እንዲሠራ የሚያገናኛቸው ኢትስዊች የተባለው ማኅበር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2010 ዓ.ም. «ሲ ቢ ኢ ብር» የተባለውን አገልግሎት አስገባ።

ነገሩ በየመንደሩ የተዳረሰው ግን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌብር»ን በጀመረ ጊዜ ነው። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የተመዘገቡት ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ገልጿል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሳፋሪኮም «ኤም ፔሳ» የተባለውን፣ በኬንያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የተጀመረውን አገልግሎት በኢትዮጵያ ከፈተ። በባሕር ዳር መቀመጫውን ያደረገው የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋምም በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኖ፣ የገጠሩ ቈጣቢ ከባንክ ሥርዐት ጋር የሚገናኝበት ሌላ በር ሆኗል።

በዚህ ጊዜ መንግሥት ሕዝቡን ወደዚሁ የሚመሩ እርምጃዎች ወሰደ። በግንቦት ወር 2012 ዓ.ም. ከባንክ በቀን የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ለግለሰብ 200,000 ብር፣ ለድርጅት 300,000 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ከጥቂት ወራት በኋላም ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ውጭ እንዳይያዝ ተደነገገ። በመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡና የ200 ብር ኖት እንዲጨመር መታወጁ፣ በቤቱ ብዙ ብር ያከማቸውን ሁሉ ወደ ባንክ መስኮት አመጣው። እነዚህን የመሰሉ መመሪያዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚሻሻሉ ስለ ሆኑ፣ ነጋዴው የሰማውን ይዞ ከመቅረት በየጊዜው ከባንኩ መጠየቅ ይገባዋል።

በስልክ ያለ ገንዘብ ምንድን ነው ቢባል፣ አንድ ድርጅት ለባለሒሳቡ ያለበት ዕዳ ነው። ባለሱቁ በስልኩ ላይ 5,000 ብር ሲያነብ፣ አንድ ባንክ ወይም አንድ ድርጅት 5,000 ብር አለብኝ ብሎ የጻፈለት ማለት ነው። ይህ ዕዳ ባዶ ቃል እንዳይሆን፣ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ የስልክ ገንዘብ አቅራቢዎች ከሕዝብ የተቀበሉትን ያህል ገንዘብ በባንኮች ውስጥ ለይተው እንዲያስቀምጡ አዝዟል። ይህንን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የስልኩ ገንዘብ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል። ገንዘቡ ያለው በመዝገብ ላይ ነው፤ ስልኩ መክፈቻ ቍልፍ ነው። ቍልፍ የጠፋበት ሰው ቤቱ አልጠፋበትም፤ ነገር ግን ቍልፉን ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ፈጥኖ ማስታወቅ አለበት።

፬. ሕዝቡ ስለ ምን ይጠራጠራል?

ጥርጣሬውን በአራት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው፣ የማይታይ ነገርን አለማመን ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ የተመቸ ነው። የመብራትና የመስመር መቋረጥ በሚበዛበት አገር ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የአሠራር ጕድለት ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያዛውሩ በር መክፈቱ በመላ አገሪቱ ተሰምቷል። ባንኩ የወጣውን ገንዘብ አብዛኛውን መልሶ መሰብሰቡን አስታውቋል። መሰብሰብም የቻለው ማን ስንት እንደ ወሰደ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ስለ ነበር ነው። ጕድለቱ የመዝገቡን ደካማነት ካሳየ፣ መመለሱ ደግሞ የመዝገቡን ጕልበት አሳይቷል።

ሁለተኛው ማጭበርበር ነው። አንዳንድ ደፋር ገዢ ያልከፈለውን ከፍያለሁ ብሎ፣ የተቀነባበረ መልእክት ወይም የቀድሞ ደረሰኝ በስልኩ ላይ አሳይቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የባንክ ሠራተኛ መስሎ ደውሎ የምስጢር ቍጥር ይጠይቃል። ቀድሞ ሐሰተኛ ጠገራ የሚያሳልፈው ሰው ዛሬ ሐሰተኛ መልእክት ያሳልፋል፤ የሰውየው ጠባይ ያው ነው፣ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች በአደባባይ የማይናገሩት ነው። በስልክ የገባ ገንዘብ ሁሉ ስለሚመዘገብ፣ ሽያጩ በግብር ሰብሳቢው ዘንድ ይታወቅብኛል የሚል ፍርሃት ነው። ይህንን መሸፋፈን አይጠቅምም። ሽያጩን የሚደብቅ ነጋዴ ለጊዜው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብድር ለመጠየቅ የሄደ ዕለት የሚያሳየው መዝገብ የለውም። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው የብድር አገልግሎት ባለሒሳቡ ያንቀሳቀሰውን ገንዘብ አይቶ የሚያበድር ነው። በዚያው ልክ ግን ነጋዴውም የሚጠይቀው መብት አለው። በሒሳቡ የገባው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከፊሉ የሌላ ሰው አደራ፣ ከፊሉ የተመለሰ ዱቤ፣ ከፊሉ የዕቁብ ገንዘብ ነው። ይህ ለይቶ እንዲታይለት፣ ራሱ አስቀድሞ ለይቶ መያዝ አለበት።

አራተኛው፣ ከለውጡ ውጭ መቅረት ነው። ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚመጣው፣ ጥቂት ቡና ይዛ የምትመጣው እናት፣ አምባዛና ቀረሶ አጥምዶ በዳርቻው የሚሸጠው ዓሣ አጥማጅ ሁሉም ስልክ አለው ማለት አይቻልም። ስልክ ያለውም ቢሆን የተጻፈውን ለማንበብ የሌላ ሰው ዓይን ይፈልጋል። የሌላ ሰው ዓይን የፈለገ ሰው ደግሞ ምስጢሩን ለሌላ ሰው ሰጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሻጭ ጥሬ ገንዘብ ቢጠይቅ አላዋቂ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም፤ ራሱ ቈጥሮ ሊያረጋግጥ የሚችለውን መምረጡ ነው።

፭. ባሕር ዳር ያየችው ፈተና

ስለዚህ ጕዳይ ሲነገር የባሕር ዳር ነጋዴ ከሌላው ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ። የነዳጅ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ቀርቶ በስልክ እንዲሆን፣ በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 16 ቀን፣ በመላ አገሪቱ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተደነገገ። ባለታክሲውም፣ ባለባጃጁም፣ የጭነት መኪና ነጂውም ስልኩን ይዞ ወደ ማደያ መሄድ ግዴታው ሆነ። ስለዚህ ለስልክ ገንዘብ ግድ ያልነበረው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተጠቃሚ ሆነ።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የእጅ ስልክ ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። መቋረጡም የቀናት ሳይሆን የብዙ ወራት ሆነ። በዚህ ጊዜ ክፍያውን በኢንተርኔት መተግበሪያ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው እጁ ታሰረ። በአንጻሩ በአጭር ቍጥር፣ ለምሳሌ ለቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የሚሠራው መንገድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የተራ ስልክ መስመር ብቻ ነው። የስልክ መስመር ባለበት ሁሉ ይህንን የሚያውቅ ነጋዴ ክፍያውን መቀጠል የሚችልበት መንገድ ነበረው። መስመሩም በሌለበት ቦታ የቀረው ጥሬ ገንዘብና ከጎረቤት ጋር ያለው የዱቤ መተማመን ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የስልክ ገንዘብ ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ይበቃል የሚልም አይደለም። በግጭት ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ጭኖ በመንገድ መሄድ ከማናቸውም ጊዜ የባሰ አደገኛ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ነጋዴ መንገዱ በተዘጋ ዕለት ሱቁ ይዘጋል።

፮. የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ስዊድን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1661 በኤውሮፓ የመጀመሪያውን የባንክ ኖት ያወጣች አገር ናት፤ በዘመናችንም ጥሬ ገንዘብን ከተዉት አገሮች በግንባር ቀደምትነት ትቈጠራለች። ሆኖም ይህችው አገር በ2024 ለሕዝቧ ባደለችው የክፉ ቀን መመሪያ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በቤቱ እንዲያኖር መክራለች። ጎረቤቷ ኖርዌይም በዚያው ዓመት፣ በሱቅ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ያለውን መብት በሕግ አጠናክራለች። ወደፊት የሮጡት አገሮች ዞር ብለው የተዉትን መልሰው ማንሣታቸው ለሚከተላቸው ሁሉ ማስገንዘቢያ ነው።

በሌላ በኩል ህንድ በ2016 በኅዳር ወር የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን በድንገት ከገበያ ባወጣች ጊዜ፣ በሕዝቡ እጅ ከነበረው ገንዘብ በዋጋ ሲታሰብ አብዛኛው በአንድ ሌሊት ሕጋዊነቱን አጣ። በጥሬ ገንዘብ የሚሠራው ትንሽ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በባንክ በር ረዥም ሰልፍ ቆመ። ኬንያ ግን በሌላ መንገድ ሄደች። በከተማ የሚሠራ ልጅ በገጠር ላሉ ወላጆቹ ገንዘብ እንዲልክ የሚያስችል ቀላል አገልግሎት ተጀመረ፤ በየመንደሩም ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለውጥ ወኪል ተቀመጠ። ሕዝቡ በፈለገ ጊዜ ብሩን መልሶ በእጁ ሊይዝ መቻሉን ስላየ አመነ። ይህ በ1937 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጋር የብር መሐለቅ በማውጣት ከተደረገው ጥበብ ጋር አንድ ነው።

፯. ለነጋዴው የሚበጁ ደንቦች

1ኛ. ገንዘብ የሚረጋገጠው በተቀባዩ ሒሳብ ላይ ነው። ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳየው መልእክት ወይም ሥዕል ገንዘብ አይደለም። ባለሱቁ በራሱ ስልክ፣ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡን ተመልክቶ ዕቃውን ይስጥ። እውነተኛ ገዢ በዚህ አይቈጣም፤ ቀድሞ ጠገራው ሲገላበጥ የተቈጣ ሐቀኛ ነጋዴ አልነበረም።

2ኛ. የምስጢር ቍጥር ለማንም አይነገርም። ባንክም ሆነ ድርጅት በስልክ ደውሎ የምስጢር ቍጥር አይጠይቅም። በሱቁ የሚሸጥ ልጅ ወይም ዘመድ ካለ የባለቤቱን ስልክና ቍጥር ከመስጠት፣ በንግዱ ስም የተለየ ሒሳብ አውጥቶ መግባቱን ብቻ የሚያይበትን መንገድ ማበጀት ይሻላል።

3ኛ. የሱቅ ሒሳብና የቤት ሒሳብ ይለይ። የዕቁብ፣ የዕድርና የአደራ ገንዘብ በንግድ ሒሳብ አይግባ። ይህ በግብር ጊዜ ከብዙ ክርክር ያድናል።

4ኛ. የዕለቱ ሒሳብ በዕለቱ ይዘጋ። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሱቅ በቀን 24,000 ብር ሸጠ እንበል። ከዚህም 12,500 ብር በጥሬ፣ 9,500 ብር በስልክ፣ 2,000 ብር በዱቤ ቢሆን፣ ሦስቱን በሦስት ዐምድ ጽፎ ማታ ያመሳክር። በመሳቢያው 12,500 ቢገኝ፣ በስልኩ ግን የገባው 9,000 ብቻ ቢሆን፣ የጐደለው 500 ብር ከየትኛው ገዢ እንደ ሆነ በዚያው ምሽት ሊታወስ ይችላል። ከወር በኋላ ግን የሚያስታውሰው የለም።

5ኛ. ከአንድ በላይ መንገድ ይያዝ። የሁለት ተቋማት ሒሳብ፣ ኢንተርኔት የማይፈልገውን አጭር ቍጥር፣ በመሳቢያም ለመልስ የሚሆን ዝርዝርና ለጥቂት ቀናት ግዢ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ በማናቸውም ቀን ሱቁን ይከፍታል። ለመተግበሪያው ብቻ የታመነ ግን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

6ኛ. ጥሬ ገንዘብ ያመጣ ገዢ አይመለስ። የብሔራዊ ባንክ ኖት በአገሪቱ ሕጋዊ መክፈያ ነው። ከዚህም በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ድኻው፣ ሽማግሌው ወይም ከገጠር የመጣው ነው፤ እርሱን የመለሰ ሱቅ ገበያውን በእጁ ያጠባል።

7ኛ. ላኪዎችና ጅምላ ነጋዴዎች ጕዞውን ይክፈሉት። ሰሊጥ፣ ሩዝ ወይም ዓሣ የሚሰበስብ ነጋዴ ገንዘቡን ከባሕር ዳር እስከ ገበያው ከተማ ድረስ በባንክ ቢያዛውር፣ ከዚያም ለገበሬው የሚሰጠውን ብቻ በአቅራቢያው ካለ ባንክ ወይም ወኪል ቢያወጣ፣ በመንገድ ላይ ያለው አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ወኪሉ በቂ ጥሬ ገንዘብ እንዲኖረው ግን ከገበያው ቀን በፊት አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በገበያ ቀን ወኪሉ ባዶ ሆኖ የተገኘበት ነጋዴ እህሉን ለሌላ ገዢ ለቆ ይመለሳል።

«ብር ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባል የነበረው ቃል ዛሬ በሌላ ትርጕም እውነት እየሆነ ነው፤ ብሩ ራሱ በአየር መሄድ ጀምሯልና። ነገር ግን የሰማዩ መንገድ የምድሩን መንገድ አልሻረውም። በቅዳሜ ገበያ ብሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ የሚያየው ገበሬና ስልኩን የሚመለከተው ባለሱቅ ያው አንዱን ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱም የተቀበሉት ነገር በሚቀጥለው ቀን የሚያገለግላቸው መሆኑን ያረጋግጣሉ። ይህንን ማረጋገጫ ለሁለቱም የሚሰጥ ነጋዴ፣ ማለትም ለገበሬው ኖቱን ቈጥሮ፣ ለከተሜው በስልኩ ተቀብሎ የሚያስተናግድ፣ መስመር ቢኖርም ባይኖርም ደንበኛውን አያጣም።